ድንኳን የጣልኩ ቀን

ከጣርማ በር በታች እስከ ካራቆሬ ባለው ቆላ፣ ሰው አስተባብሮ በማሠራት እኔን የሚያህል አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚልልኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ምስክር ካስፈለገም ሦስት ሰዎች አሉኝ። አንደኛው በደንብ አይሰሙም። ሁለተኛው ስሜ ሲነሳ ይስቃል። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ሙቀቱ ካልሆነ በቀር አያናግረኝም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ስለ ሙቀት ማውራት ማለት ደግሞ ዝም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የማወጋችሁ በሦስተኛው ሰው ምክንያት ነው። ደምሴ ይባላል፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። አብሮ አደጌ ነው። ራሴ ላይ ፀጉር ከበቀለ ጀምሮ ከሱ በቀር መቀስ ያሳረፈበት ሰው አልነበረም። አሁን ፀጉሩም እየሄደ ነው፤ እሱም ሄዷል።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከዋናው መንገድ ዳር ሚስማር፣ ገመድና ቆርቆሮ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ቀትር ላይ ቆርቆሮዬን ነክቶ ያልጮኸ ደንበኛ የለም። አንድ ቀን ዶሮ መጥታ ቆርቆሮው ላይ እንቁላል ብትጥል፣ ጨው ነስንሼ ቁርሴን በላሁት። ባለቤቴ አላመነችኝም፤ እናንተም አትገደዱም። ታዲያ ገመድ ስለምሸጥ ዕድራችን ገመድ የማውቅ መሰለውና የድንኳን ኃላፊ አድርጎ ሾመኝ። ነጠላ የሚሸጥ ሁሉ ሸማኔ ነው እንደማለት ነው። የዕድራችን ዳኛ እትዬ ወርቄ ግን እውነቱን አልደበቁኝም።

«አንተን የመረጥንህ ስለ ገመድህ አይደለም፤ ስለ ጉሮሮህ ነው። መቃብር ላይ ቆመህ ብትጠራ የሞተው ዞር ይላል» አሉኝ።

እኔ ይህን ምርቃት ብዬ ተቀበልኩት።

ድንኳናችን የዛሬ ሰርገኞች የሚከራዩት ዓይነት፣ በብረት ዘንግ የሚቆም ነጭ ነገር አይደለም። ወፍራም ሸራ ነው። መሃሉን ምሰሶ ያቆመዋል፣ አራት ማዕዘኑን ገመድ ይወጥረዋል፣ ገመዱን ካስማ ይይዘዋል። የስንቱን ሰርግ ወጥና የስንቱን ልቅሶ እንባ ጠጥቶ እንደ በሬ ከብዷል። ይህን በሬ የምናነሳው እኔን ጨምሮ አራት ነበርን። ጋሽ ታፈሰ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው፤ ሞተሩ ጡረታ ሲወጣ ግማሽ ጆሯቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ሁሴን የጀውሃ ልጅ፣ የሽንኩርት ደላላ ነው፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ ያስኬደዋል። ደምሴን ነግሬያችኋለሁ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ማለቴ ጉሮሮዬ።

እንደነገሩ እንሠራ ነበር። ድንኳኑ ይቆማል፣ እንሰዳደባለን፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ እንታረቃለን። በዚህ መሃል ለከተማው ነጋዴዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተጠራሁ። ርእሱ «የቡድን ሥራ» ነበር። አሠልጣኙ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ እንዲህ አለ፤ «ቡድን በአንድ ቀን ቡድን አይሆንም። መጀመሪያ ይሰባሰባል። ቀጥሎ ይጣላል…» እዚህ ላይ የጥብስ ሽታ መጣና ለምሳ ወጣን። ከምሳ በኋላ እኔ አልተመለስኩም። ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ የማንጎው ጥላ ጥሩ ነበር፣ እንቅልፉም ጥሩ ነበር። ከተጣሉ በኋላ ምን እንደሚመጣ እስከ ዛሬ በወጉ አልሰማሁም።

ስለዚህ ቡድኔን ባወቅሁት ልክ መራሁት። በደንብ ሰበሰብኩት፤ በደንብም አጣላሁት።

ከፋሲካ በኋላ ደምሴ የበኩር ልጁን ሊድር ሆነ። አማቾቹ ከደብረ ሲና የሚመጡ ናቸው። ደብረ ሲና ጉም ተከናንቦ የሚኖር አገር ነው፤ የዚያን አገር ሰው በዚያ ወር ሮቢት ማውረድ ቅቤ ፀሐይ ላይ እንደማስጣት ነው። ደምሴ ከሰርጉ በፊት ሱቄ መጣ።

«ስማ፣ ሌላውን ሁሉ ለምኜም ተበድሬም እችለዋለሁ» አለኝ። «አንተን የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ጥላ። እነሱ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፣ እኔ የምላጭ ሰው ነኝ። ልጄ ገና በሩን ሳትረግጥ ‹ከምድጃ ያወጣናት› እያሉ እንዲስቁባት አልፈልግም። እንዳላፍር አደራ።»

«አንተ ልታፍር? እኔ እያለሁ?» አልኩት። ደረቴንም መታሁ። ደረቴ ያን ቀን ባዶ ጀሪካን ድምፅ እንደሰጠ አሁን ነው የታወሰኝ።

በዋዜማው ድንኳኑን ተከልነው። እውነት ለመናገር ቆሞ ነበር። ወደ ግራ ጥቂት ዘመም ብሏል፤ እሱም ቢሆን እንደ አዛውንት ባርኔጣ ነው፣ ያምርበታል። በማግሥቱ አማቾች መጡ፣ ጥላ ሥር ገቡ፣ «እፎይ» አሉ፣ ማዕድ ቀረበ። ደምሴ አዲስ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ልጁ ከተወለደች ቀን ወዲህ አይቼው የማላውቀው ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ደምሴም ዛሬም ጢሜን ይላጨኝ ነበር።

አንድ የደብረ ሲና ሽማግሌ ጉርሻቸውን ይዘው ቀና አሉና «ይቺ ድንኳን ጎንበስ አላለችም?» አሉ።

ለጎረቤታቸው ነው የተናገሩት። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

«ጌታዬ፣ አሁን ትቃናለች! ቡድን አለኝ!» ብዬ ተነሳሁ።

ሁሴን እጄን ያዘኝ። «ወላሂ ተው። ቆማለች። የቆመን ነገር ማን ይነካል?»

«አንተ ሽንኩርትህን ሽጥ» አልኩት።

ጋሽ ታፈሰ ጠጋ ብለው «ምን አለ?» አሉ። «እናቅናው ነው የሚለው» አላቸው ሁሴን። «ማንን እናግባው?» አሉ።

ሰው ጎደለን። አዛዥ ገመድ አይዝም ብዬ የራሴን ገመድ ግቢው ውስጥ ባለው የማንጎ ዛፍ ላይ አስሬዋለሁ። ያን ቀን ከቡድናችን ሥራውን በትክክል የሠራ ማንጎው ብቻ እንደነበር ታሪክ ይመስክር። ጋሽ ታፈሰ አንዱን ማዕዘን ያዙ፣ ሁሴን አንዱን። የቀረውን ማዕዘን አያያዝ የሚያውቀው ደምሴ ብቻ ነው። የሙሽራ አባት እንዴት ገመድ ይይዛል ሳይል፣ እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስቦ መጣ። ጆሮዬ ሥር «ቶሎ በል፣ እባክህ» አለኝ።

ገመዱ ከካስማው ተፈታ። «ሳቡ!» አልኩ። ሳቡ። ሸራው ተወጠረ፣ ምሰሶው ቀና አለ፣ እኔም አብሬ ቀና አልኩ። እንግዶቹ ወደ ላይ አዩ። ልክ ሲሆን፣ በዚያ መቃብር በሚቀሰቅስ ጉሮሮዬ፣

«በቃ!» አልኩ።

አሁን እዚህች ቃል ላይ ትንሽ እንቀመጥ። ሾፌር ነበሩ ያልኳችሁ ጋሽ ታፈሰ ዕድሜያቸውን ሙሉ ረዳታቸው ከኋላ ሆኖ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ሲላቸው ፍሬን የረገጡ ሰው ናቸው። ስለዚህ «በቃ» ሲሰሙ ገመዱን እንደያዙ እንደ ሐውልት ደረቁ። ሁሴን ደላላ ነው። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲከራከሩ ቆይተው «በቃ!» ከተባለ ዋጋው ተቆርጧል፣ እጅ ይለቀቃል። ለቀቀ። ደምሴ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሱ ቤት «በቃ» ማለት ራስህ አልቋል፣ ተነሳ ማለት ነው። ገመዱን ለቆ፣ በልማድ፣ የሌለውን ጨርቅ ሁለት ጊዜ አራገፈ።

እኔስ ምን ማለቴ ነበር? ብዙ አስቤበታለሁ። ምንም ማለቴ አልነበረም። ደስ የሚል ድምፅ ያለው ቃል ስለሆነ ነው።

በአማርኛችን ድንኳን ሲተከል «ድንኳን ተጣለ» ይባላል። ያን ቀን ቃሉና ሥራው ተገናኙ። ሸራው ቀስ ብሎ፣ እያሰበበት፣ እንደ ዝናብ ደመና በደብረ ሲና ቤተሰብ ሁሉ ላይ ወረደ። ከዚያ ሸራው ሥር ጉብ ጉብ ያሉ ራሶች መነጋገር ጀመሩ።

«መብራቱን ማን አጠፋው?»

«ወጡን! ኧረ ወጡን ያዙ!»

«እኔ የጣርማ በር ልጅ ነኝ» አሉ እኒያ ሽማግሌ ከታች፣ ድምፃቸው ታፍኖ። «ጉም አውቃለሁ። እንዲህ የሚከብድ ጉም ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዶሮ ወጡ በቀር የተጎዳም አልነበረም። ነገሩ እንደ ቀልድ ሊያልፍ ነበር እኮ! ሽማግሌው ብቅ ብለው፣ ሹሩባ የተሠሩ ይመስል ራሳቸው ላይ የእንጀራ ቁራሽ ተጋድሞ፣ እየሳቁ «ለመሆኑ የዚህ ድንኳን አለቃ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» ብል ምን እሆን ነበር? ይስቁብኛል፤ መሳቅ እወዳለሁ፣ ኑሮዬ ነው። አፌ ግን ከኔ ቀደመ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ? ፀጉር አስተካካይ ገመድ አስይዘውኝ!»

ሳቁ በረታ። ደብረ ሲናም ሳቀ፣ ሮቢትም ሳቀ። ደምሴ አልሳቀም። አዲሱ ልብሱ አቧራ ጠጥቷል። ወደኔ አላየም፤ ልጁ ወደ ተቀመጠችበት አየ። እሷም ሰምታለች። ጎንበስ አለና ገመዱን አንስቶ መጠቅለል ጀመረ፤ ክር እንደሚጠቀልል ሰው፣ በጥንቃቄ።

ከዚያ ወዲያ ጢሜ አደገ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኛ ጋር ነበሩ የሚኖሩት፤ ነፍሳቸውን ይማርና «ያ ወሬኛ ባሕታዊ ሆነ እንዴ?» እያሉ ለባለቤቴ ይነግሯታል። እሳቸው እኔን በስም ጠርተውኝ አያውቁም። ጢሙንስ ችዬው ነበር፤ ፀጉሩ ግን በዚያ ሙቀት የበግ ለምድ ደርቦ እንደመሄድ ሆነብኝ። አንድ ቀን ጨክኜ ደምሴ ቤት ገባሁ። ፀጉር ልቆረጥ ብቻ አልነበረም የሄድኩት፤ ይቅርታ ልል ነው። መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ። «አጥፍቻለሁ» ነው ቃሉ፤ አንዲት ቃል።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን አንገቴ ላይ አሰረ። ማሽኑን አስነሳ። ግማሽ ራሴን እንደጨረሰ መብራት ሄደ።

«መብራት ሄደ» አለ።

«ይመጣል» አልኩ።

ጠበቅን። ዝንብ መስተዋቱ ላይ ትሄዳለች። ደምሴ ደፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ያ መብራት ለኔ ሲል ነው የሄደው ብዬ አምናለሁ፤ እግዜር ራሱ ቆጣሪውን አጥፍቶ «እንግዲህ ተናገር» ያለኝ ያህል ነበር። ቃሏን አፌ ውስጥ አገላበጥኳት። አገላበጥኳት። ስትወጣ ቀልድ ሆና ወጣች።

«ደምሴ፣ ግማሽ ላይ መልቀቅ ልማድህ ሆነ ማለት ነው?»

ዞሮ አየኝ። መጣና ጨርቁን ከአንገቴ ፈታ፤ ሁለት ጊዜ አራገፈው።

«በቃ» አለ።

ያን ቀን የዚህችን ቃል ትርጉም አወቅሁ።

ግማሽ ራሴ የተላጨ፣ ግማሹ የጎፈረ ሆኜ፣ በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው ወባ የያዘኝ መስሎት መስኮቱን ዘጋልኝ፤ በላብ ልሞት ነበር። ጀውሃ ደርሼ የማላውቀው ፀጉር ቤት ገባሁ። ሰውዬው ራሴን ዙሪያውን አየና «ማነው የጀመረው?» አለኝ።

«ጓደኛዬ ነበር» አልኩት። የጀመረው ጓደኛዬ ነው ማለቴ ይሁን፣ ጓደኛዬ የነበረ ሰው ነው ማለቴ ይሁን፣ ለኔም አልለየልኝም። እሱ ሁሉንም ላጨውና የሮቢት ወንዝ ድንጋይ አስመስሎ ሰደደኝ።

ክረምቱ አለፈ። ዕድሩ ሲጠራ «ዕቃ ላመጣ ደብረ ብርሃን ልወጣ ነው» እላለሁ፤ ሱቄን ዘግቼ ጓዳ ውስጥ እተኛለሁ። አንድ ቀን ሁሴን ገመድ ሊገዛ መጣ። ገና ከመግባቱ ይስቃል።

«ወላሂ ሳትሰማ አትቀር። በቃን!» አለኝ።

ከበርጩማዬ ተነሳሁ። «ሰለቸኋችሁ ማለት ነው?»

«ኧረ ‹በቃ›ን ነው የምልህ! ቃሏን! አባረርናት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ወርቄ ሦስቱን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ አስቀምጠው «እያንዳንዳችሁ ‹በቃ› ስትባሉ ምንድነው የምታደርጉት?» ብለው ጠየቁ። አንዱ እቆማለሁ፣ አንዱ እለቃለሁ፣ አንዱ አራግፋለሁ አለ። እትዬ ወርቄ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እናንተ ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር በሦስት አገር ነው እንዴ የኖራችሁት?» አሏቸው። ከዚያ ተጣሉ። ጋሽ ታፈሰ ገመድ ጥለው ሄዱ። ሲመሽ «ቤት ብቻዬን ምን ላድርግ?» ብለው ተመለሱ። በመጨረሻ ሁሴን የናቱን ቃል አመጣ። በኦሮምኛ «ያዝ» ለማለት «ቀቢ» ይባላል። ያ ቃል ለማናቸውም ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

«ከጋሽ ታፈሰ በቀር» አለ ሁሴን እንባውን እየጠረገ። «መጀመሪያ ቀን ‹ቀቢ!› ስላቸው ገመዱን ይዘው አፈጠጡብኝ። ‹ምኑን ነው የምቀባው? ደግሞስ እኔ ሴት ነኝ?› አይሉኝም!»

አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ እንዳለቀ «ታዲያ እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?» አልኩት።

ሁሴን ገመዱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። «ያው… ሥራ ይበዛብሃል ብለን ነው» አለ።

ሱቄ ውስጥ ከሁለታችንና ከድመቷ በቀር ማንም አልነበረም።

ማሾው በሚለቀምበት ሰሞን አማቴ አረፉ። ጧት ዕድሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሰው መጣ። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም፤ ጋቢ አልብሰው ደጄ ላይ ፍራሽ ዘርግተው አስቀመጡኝ። ሸራው በጋሪ ደረሰ። ጋሽ ታፈሰ፣ ሁሴን፣ ሌላ አንድ አዲስ ሰው። የመጨረሻውን ገመድ የያዘው ደምሴ ነበር።

እኔ ቤት ልቅሶ አልቀርም ብሎ መጥቷል። መጥቶ የኔን ድንኳን ይተክላል።

ምሰሶው ተነሳ። መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ሲያዘነብል አየሁት፤ ያንኑ ድሮ የማውቀውን ዘመም ማለት። ሳላውቀው ከፍራሹ ተነሳሁ፣ አፌ ተከፈተ፣ «በ…» እንዳልኩ እትዬ ወርቄ የነጠላቸውን ጫፍ አፌ ላይ አስቀመጡት።

«አንተ ዛሬ ሐዘንተኛ ነህ። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ሁሴን ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚናገር ሰው፣ «ቀቢ» አለ። አራቱም ያዙ። ደምሴ ጋሽ ታፈሰን አየት አደረጋቸው፤ ሳይጠይቁት ገመዱን ጥቂት አላላላቸው። እሳቸው ሳቡ። ካስማው ሁለት ሦስቴ ተመታ። ድንኳኑ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብሎ ቆመ። የጮኸ የለም። የተሰደበ የለም። ጥላው መጥቶ እግሬ ላይ አረፈ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። እንዲያው እንባ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፄን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በላይ ያለ ልቅሶ ሮቢት ሰምታ አታውቅም። ሴቶቹ ደረት መምታቱን አቁመው ያዩኝ ጀመር። ደምሴ እጁን አራግፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ትከሻዬን ያዘኝ። ጨርቁን ከአንገቴ ከፈታ ቀን ወዲህ ገና መንካቱ ነው። ቃሏ ያለ ቀልድ የወጣችው ያን ጊዜ ነው።

«ይቅር በለኝ» አልኩ፣ ፊቴን ጋቢዬ ውስጥ ቀብሬ። «አጥፍቻለሁ፣ አዋርጃለሁ፣ ይቅር በለኝ…»

ደምሴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ፤ እግዜር ይቅር ባይ ነው» አለኝ። «እሳቸውም ቢሆኑ አልተቀየሙህም። አማት ልብ ውስጥ ቂም የለም።» ቀጥሎም ወደ ሰማይ አየት አደረገና «ዛሬስ ሙቀቱ በርትቷል» ብሎ ተነስቶ ወንበር ሊደረድር ሄደ።

ተከትዬ «ለአንተ ነው ያልኩት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሐዘንተኛ አይነሳም ብዬ አመካኘሁ። አሁንም ስንገናኝ ስለ ሙቀቱ እናወራለን።

ሰፈሩ ግን «እንዲህ ያለ አማች የት ይገኛል?» እያለ እስከ ዛሬ ያወራልኛል። ባለቤቴም ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗ ለኔ ለስልሷል፤ «እናቴን እንዲያ ይወዳት እንደነበር ሳላውቅ ኖርኩ» ትላለች፤ ዶሮ ስትሠራ ፈረሰኛውን ለኔ ታወጣለች። እኔም እበላለሁ። እውነቱ ግን ያን ቀን ለአማቴ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰስኩም። ያለቀስኩት ድንኳኑ ያለ እኔ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው።